የሚበላው ዛፍ

 

የዚህ ሳምንት ንባባችን ስለ አንድ ዛፍ ነው። ዛፉ ሽፈራው ይባላል። በደቡብ አገራችን ብዙ ሰው ሀለኮ ይለዋል፤ አለኮ የሚሉትም አሉ። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ሞሪንጋ ይሉታል። ስሙ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። በሱቅ ከታሸገ ዱቄት ላይ ከነዚህ ስሞች አንዱን ብታነቡ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ይህን ርዕስ ያነሳነው አንዲት አንባቢ ስለ ጠየቁን ነው። እኚህ እናት የሚኖሩት ከሐረር ኤረር በር ወደ ታች፣ በሸለቆው ውስጥ ነው። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ መስመሩንም አንዳንዴ ይስታል። ጥያቄያቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። «ዛፍ እንደ ጎመን ይበላል ይሉናል። እውነት ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ?» ብለዋል።

እናታችን፣ ሁለቱም አለበት። ዛፉ ይበላል፤ ይህ እውነት ነው። የነጋዴ ወሬም በላዩ ተጨምሮበታል። ዛሬ እህሉን ከገለባው እንለያለን።

ከበሩ የሚገባውና የሚወጣው

የሐረር ግንብ ከጥንት የቆዩ አምስት በሮች አሉት። ኤረር በር አንዱ ነው። ሐረሪዎች በቋንቋቸው አርጎብ በሪ ይሉታል። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ከዚያ ወጥቶ ቁልቁል የወረደ ሰው ኤረር ሸለቆ ይደርሳል። የኤረር ወንዝም በዚያ ያልፋል፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ዋቢ ሸበሌ ይገባል።

ሐረር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ነፋሻ ናት። ሸለቆው ግን ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ስለሆነም ይሞቃል። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ለውዙ፣ ስኳር ድንቹ የሚስማማው ለዚህ ነው። ይህን ከፍታና ሙቀት ልብ በሉት፤ ስለ አተካከል ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ጠዋት ጠዋት ሴቶች ከሸለቆው ተነሥተው ሽቅብ ይወጣሉ። ሸክሙ በአህያም ነው፤ በጀርባም ነው። እንጨት አለ። ወተት አለ። እንቁላል አለ። አትክልትም አለ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሸክሙ ሌላ ነው። ስኳር፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ወተቱና እንቁላሉ ሽቅብ ሄደ። ስኳሩ ቁልቁል መጣ። ቤት የዋለው ልጅስ ምን በላ? የማሽላ ቂጣ በላ፤ ሻይ በስኳር ጠጣ። ሆዱ ሞልቷል። ነገር ግን ሆድ መሙላትና ሰውነት መገንባት ለየብቻ ናቸው።

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ጨውም፣ ደብተርም፣ የሕክምናም በገንዘብ ነው። እንቁላሉ ካልተሸጠ ደብተሩ ከየት ይመጣል? የምንለው ሌላ ነው። ከሚሸጠው ሌላ፣ ለቤት የሚቀር አንድ አረንጓዴ ነገር ከደጃፍ ቢኖርስ?

ጎመን አለልን እኮ ትሉን ይሆናል። ልክ ነው፤ ጎመን ጥሩ ምግብ ነው። ያለው ሰው አይተወው። ችግሩ ጎመን ውኃ ይፈልጋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ደረቅ ጓሮ ውስጥ አይቆይም። ያን ጊዜ በገበያም ዋጋው ይወጣል። ሽፈራው የሚፈለገው ያኔ ነው። ዛፍ ነውና ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው አትክልት ሲደርቅ እሱ ቅጠል ይይዛል። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ አይተከልም፤ በየቀኑም ውኃ አይቀዳለትም። ውኃ የምትቀዳው ማን እንደሆነች ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ቅጠሉ ውስጥ ምን አለ?

ስለ ምግብ ስንማር በሦስት ከፍለነው ነበር። ኃይል ሰጪ አለ፤ እንደ ማሽላ፣ እንደ በቆሎ ያለው ነው። ገንቢ አለ፤ እንደ ወተት፣ እንደ ባቄላ ያለው ነው። በሽታ ተከላካይ አለ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። በገበሬ ቤት ኃይል ሰጪው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የሚጠፉት ሁለቱ ናቸው። ሽፈራው በዋናነት ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ከሁለተኛውም ትንሽ አለበት።

አሁን ቁጥር እናንብብ። አንድ ኪሎ 1,000 ግራም ነው። ስለዚህ 100 ግራም የኪሎ አንድ አሥረኛ ነው። የሽፈራው ቅጠል ቀላል ስለሆነ 100 ግራሙ ብዙ ነው፤ አምስት የውኃ ብርጭቆ ያህል ይሞላል። ሲበስል ግን ይሟሽሻል፤ ከሁለት ጭልፋ አይበልጥም።

በዚህ 100 ግራም እርጥብ ቅጠል ውስጥ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ፕሮቲን ማለት ገንቢው ነገር ነው። በ100 ግራም ጥቅል ጎመን ውስጥ ያለው ግን ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። ካልሲየም የሚባለው አጥንትና ጥርስ የሚያጠነክረው ነው። እሱ በሽፈራው 185 ሚሊግራም፣ በጥቅል ጎመን 40 ሚሊግራም ገደማ ነው። ብረት ደግሞ በሽፈራው 4 ሚሊግራም ሲሆን በጥቅል ጎመን ግማሽ ሚሊግራም አይሞላም። ሚሊግራም ማለት አንድ ግራም በ1,000 ሲከፈል ነው። ከዓይን አይገባም፤ ሰውነት ግን ያውቀዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ይህ ቁጥር የተለካው ከህንድ በመጣው የሽፈራው ዓይነት ላይ ነው። የኛ አገሩ ዓይነት ፕሮቲኑ ከዚህ ያነሰ ነው። ካልሲየምና ብረት ግን እሱም አለው።

ቪታሚን ኤ የሚባለውንም ሰውነት ከዚህ ቅጠል ያገኛል። ይህ የዓይን ቪታሚን ነው። ልጅ ቪታሚን ኤ ሲያንሰው ዳፍንት ይይዘዋል። ቀን ያያል። ፀሐይ ስትገባ ግን ይደናበራል፤ በርጩማ ይመታዋል፣ እናቱን በድምፅ ይፈልጋል። አንዳንድ ሰው «ልጁ ፈሪ ነው፤ ሲመሽ ከቤት አይወጣም» ይላል። ልጁ ፈሪ አይደለም፤ አያይም። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቸል ከተባለ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳልና። ቅጠሉ አስቀድሞ ለመከላከል ነው፤ የታመመውን ልጅ ግን ሐኪም ይየው።

ቪታሚን ኤ ያለ ስብ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ስለዚህ ቅጠሉን በደረቁ ቀቅሎ መብላት ግማሽ ሥራ ነው። ትንሽ ዘይት፣ ቅቤ ወይም ለውዝ ይግባበት።

የብረቱም ነገር እንዲሁ ዘዴ ይፈልጋል። ብረት ለደም ነው። እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ትንንሽ ልጆች ብረት ቶሎ ያንሳቸዋል። ድካም፣ ራስ መዞር፣ የከንፈርና የዓይን ውስጥ መንጣት ይታያል። ደም ማነስ የምንለው ነው። ታዲያ ከቅጠል የሚገኝ ብረት ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ አይወሰድም። ሎሚ ቢጨመቅበት አወሳሰዱ ይሻላል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያግዱታል። ቁጢም ያው የቡና ቅጠል ነውና ከነሱ ለይተን አናየውም። በሐረር አካባቢ ቡናና ቁጢ ተዉ ማለት አይቻልም፤ እኛም አንልም። ከምግብ ጋር አይሁን፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ነው የምንለው።

እርጉዝ ሴት በጤና ኬላ የሚሰጣትን የብረት ኪኒን በሽፈራው አትተካ። በአንዱ ኪኒን ውስጥ ያለው ብረት 30 ወይም 60 ሚሊግራም ነው። በአምስት ብርጭቆ ቅጠል ውስጥ ያለው 4 ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ሁለቱም ይሁኑ፤ ኪኒኑም ይዋጥ፣ ቅጠሉም ይበላ።

የነጋዴው ወሬ

አሁን ወደ ገለባው እንምጣ። በአንዳንድ የሽፈራው ዱቄት መሸጫ ላይ «ካልሲየሙ የወተት 17 እጥፍ ነው» የሚል አለ። ይህ ውሸት ነው እንዳንል ሂሳቡ አለ። በ100 ግራም የደረቀ ዱቄት ውስጥ 2,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። በ100 ግራም ወተት ውስጥ 120 ገደማ ነው። 2,000 ለ120 ሲካፈል 17 ይጠጋል።

ግን ማን ነው 100 ግራም ዱቄት የሚበላው? ሰው የሚበላው በሻይ ማንኪያ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ያህል ቢይዝ ነው። በ3 ግራም ውስጥ ያለው ካልሲየም 60 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ አንድ የቡና ሲኒ በማይሞላ ወተት ውስጥ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አይናቅም። 17 እጥፍ ግን አይደለም። የደረቀን ነገር ከእርጥብ ጋር በሚዛን ማወዳደር ሽንኩርትን ከነአፈሩ እንደ መመዘን ነው። ወተት ያላት እናት «ሽፈራው አለልኝ» ብላ የልጇን ወተት ሁሉ እንዳትሸጥ አደራ እንላለን።

«የብርቱካን ብዙ እጥፍ ቪታሚን ሲ አለው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ከብርቱካን ጋር ይቀራረባል። ሲደርቅ ግን አብዛኛው ይጠፋል፤ ሲቀቀልም ይቀንሳል።

ከሁሉ የከፋው ወሬ ሌላ ነው። «ስኳር በሽታን ያድናል፣ ደም ግፊትን ይነቅላል፣ ነቀርሳን ያጠፋል» የሚለው ነው። ሽፈራው በስኳርና በደም ግፊት ላይ ምን እንደሚሠራ የተጠና ነገር አለ። በሰው ላይ የተደረገው ጥናት ግን ጥቂት ነው፤ አነስተኛም ነው። በዚህ ተማምኖ የሐኪም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ግን ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። የስኳር በሽተኛ መርፌውን ትቶ ዱቄት ቢቅም፣ ዱቄቱ መርፌውን አይሆንለትም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽፈራው አዘውትሮ መብላት ከጀመረ ለሐኪሙ ይንገር። ሁለቱ አንድ ላይ ስኳሩን ወይም ግፊቱን ከመጠን በታች ሊያወርዱት ይችላሉና። ለዚህ ሩቅ መሄድ የለም፤ በሐረር ጁገል ሆስፒታል አለ፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም አለ።

ሥሩንና ቅርፊቱን በተመለከተ አጭር ነገር እንናገር። አይበላም። አይጠጣም። በተለይ እርጉዝ ሴት አትንካው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። እኛ የምንመክረው ቅጠሉን ነው።

ዱቄት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ማንበብ እዚህ ላይ ይሥራ። የተዘጋጀበት ቀን ተጽፏል? የሚያበቃበት ቀንስ? ቀለሙ አረንጓዴ ነው ወይስ ወደ ቡናማ ሄዷል? ቡናማ የሆነው ፀሐይ የመታው ወይም የቆየ ነው። ቀኑ ካልተጻፈበት ዋጋውን አትጠይቁ።

ሌላው እንዴት ይበላዋል?

በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶ የሚባል አገር አለ። ኮንሶዎች ተራራውን በድንጋይ እርከን ደርድረው ያርሳሉ። እርከናቸውና መንደሮቻቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሐረር ጁገልም ከዚያ ቀደም ብላ በ1998 ዓ.ም. ተመዝግባለች፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ጎረቤቶች ነን ማለት ይቻላል። ኮንሶዎች ሽፈራውን በእርከኑ ላይ ከማሽላው ጋር፣ በግቢያቸውም ውስጥ ይተክላሉ። ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል አድርገው፣ ከቅጠሉ ጋር ቀቅለው ይበሉታል። ኩርኩፋ ይሉታል። ለነሱ ሽፈራው መድኃኒት አይደለም። የችግር ቀን ምግብም አይደለም። የዘወትር ጎመን ነው። ማሽላ የኮንሶም የሐረርጌም እህል ነው፤ ስለዚህ ለማሽላ የተስማማው ቅጠል እዚህም የማይስማማበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ ውጭም እንይ። በህንድ አገር ረዥሙን ለጋ ፍሬ በወጥ ውስጥ ይበሉታል። በፊሊፒንስ ቅጠሉን ከዶሮ ሾርባ ጋር ያበስሉታል። እኛን በጣም ደስ ያለን ግን የናይጄሪያና የኒጀር ሀውሳዎች ዘዴ ነው። እነሱ ዛፉን ዞጋሌ ይሉታል። ቅጠሉን ይቀቅሉና ዘይቱ ከተጨመቀ የለውዝ ደቃቅ ጋር፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር ያሹታል። ለምን ደስ አለን? የኤረር ሸለቆና የባቢሌ አገር የለውዝ አገር ነውና! አንዳንዱ ኦቾሎኒ የሚለው ማለታችን ነው። ለውዝ ገንቢ ነው፤ ስብም አለው። ቪታሚን ኤ የሚፈልገውን ስብ ጎረቤቱ ተሸክሞ ቆሞለታል።

ስለዚህ እንዲህ ሞክሩት። ቅጠሉን ከእንጨቱ ሸምጥጡ። በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ውኃ ሲፈላ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ያህል ይቀቀል፤ ብዙ አይቆይ። አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ በሙቀጫ ውቀጡ። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው ይጨመር። ቅጠሉ ጠፈፍ ካለ በኋላ ከለውዙ ጋር ይታሽ። በመጨረሻ ሎሚ ይጨመቅበት። ከማሽላ ቂጣ ጋር፣ ከገንፎም ጋር ይሄዳል። ለውዙ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ከሆነ ግን ይጣል። ለከብትም አይሰጥ። በሻጋታው ውስጥ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለ፤ ቢቆላም አይጠፋም።

እውነቱን እንናገር፤ የኛ አገሩ ሽፈራው መጀመሪያ ላይ ይመራል። ያልለመደ ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል። በአንድ ጊዜ ሳህን ሙሉ አታቅርቡለት። ከጎመን ጋር ቀላቅሉ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።

ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ ይጀምራል። በዚያ ገንፎ ላይ በደንብ የበሰለና የላመ ቅጠል፣ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት፣ ከትንሽ ዘይት ጋር ይጨመርበት።

አተካከሉ

ሽፈራው ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ይገድለዋል። ኤረር ሸለቆ ይስማማዋል የምንለው ለዚህ ነው። በጁገል ግቢ ውስጥ፣ ከግንብ ጥግ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ መሞከር ይቻላል፤ ግን ብርዱ ዕድገቱን ያዘገየዋል። ከዚያ ከፍ ባሉ ደጋ ቦታዎች አትድከሙ። ጎመናችሁን አጠናክሩ።

ሁለት ዓይነት ሽፈራው እንዳለ ነግረናችኋል። የህንዱ ቅጠሉ ደቃቅና ክብ ነው፤ ቶሎ ያድጋል። የኛው ቅጠሉ ሰፋ ያለና ጫፉ ሾል ያለ ነው፤ ግንዱ ይወፍራል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ድርቅ ግን የበለጠ ይችላል። ዘር ስትቀበሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ዘሩን የግብርና ባለሙያውን ወይም ዛፉ ያለውን ሰው ጠይቁ። ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ዘር አብቃይነቱ ይቀንሳል፤ አዲስ ይሁን።

ዘሩን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ይደር። ቦታው ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ሽፈራው ደረቅ ይችላል፤ ረግረግ ግን አይችልም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ሁለት ክንድ ያህል ሳይሆን አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም ግማሽ ሜትር ማለት ነው። የወጣውን አፈር ከቆየ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዘር ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ አጥልቃችሁ ዝሩ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቅላል። ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ሥሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ በቦታው መዝራት ይሻላል። በፕላስቲክ ከረጢት ካፈላችሁትም ይሆናል። አንድ ክንድ ሳያልፍ፣ ሥሩን ሳትሰብሩ አዛውሩት።

ቅርንጫፍ ቆርጦ የሚተክልም አለ። የህንዱ ዓይነት በቅርንጫፍ ይይዛል። ግን ከዘር የበቀለው ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ በበጋ ይጸናል፤ በቅርንጫፍ የተተከለውን ደግሞ ነፋስ ሊጥለው ይችላል። እኛ ዘሩን እንመርጣለን።

መቼ? ዝናብ ሲጀምር ነው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት መጨረሻ በደንብ ከጣለ ያኔ፤ ካልሆነ በሐምሌ። በሐምሌ የተተከለ ሁለት ወር ዝናብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን በጋ ብቻ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ውኃ ማጠጣት ነው። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ሳሙና ካልበዛበት ይበቃዋል።

ዋናው ጠላቱ ፍየል ነው። ፍየል ሽፈራውን ከእናንተ በፊት አውቃዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ አጥር፣ ቀጥሎ ችግኝ ይሁን። እሾህ ክበቡበት፤ ከፍየል አፍ በላይ እስኪያድግ አይነሣ። ምስጥ ባለበት ቦታም አትትከሉ፤ ለጋውን ሥር ይበላዋል። በዝናብ ጊዜ ትል ቅጠሉን ሊወረው ይችላል። በእጅ ልቀሙ፤ የተወረረውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። መርዝ አትርጩ። የሚበላ ቅጠል ነዋ!

ይህን ስንል የጫቱ ነገር ይነሣል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ጫት ገንዘብ ያመጣል፤ ገበሬ ጫቱን ነቅሎ ቅጠል ይትከል ብንል ማንም አይሰማንም። ሽፈራው ግን የጫት መሬት አይነካም። በአጥር ጥግ ተደርድሮ፣ በመካከሉ አንድ ሜትር እየተተወ መትከል ይቻላል። አምስት ስድስት እግር ላንድ ቤት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ብቻ ጫቱ ላይ መርዝ የሚረጭ ሰው ሽፈራውን ከጫቱ ያርቅ። ነፋስ የወሰደው መርዝ በቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ የሚበላውም ልጃችሁ ነው።

ችግኙ አንድ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቅጠፉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳዋል። ካልተቀጠፈ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛል፤ በኋላ ቅጠሉን ለመልቀም መሰላል ሊያስፈልግ ነው። ሲቀጠፍ በጎን በጎኑ ያቆጠቁጣል፤ እጅ የሚደርስበት ቁጥቋጦ ይሆናል። የህንዱ በስድስት ወር ገደማ ይለቀማል፤ የኛውን ዓመት ያህል ታገሱት። ስትለቅሙም ዛፉን ራቁቱን አታስቀሩት። ከየቅርንጫፉ ጥቂት ይተው። እንደገና ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይሞላል።

በክረምት ቅጠሉ ሲበዛ አድርቃችሁ ማስቀመጥ ነው። ታጥቦ በንጹሕ ሰሌን ላይ በስሱ ይሰጣ። በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ቪታሚን ኤውን ያጠፋዋል። በየጊዜው ይገላበጥ። በጣት ሲታሽ እንደ ገለባ ከተሰባበረ ደርቋል። ይወቀጣል፤ በወንፊት ይነፋል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይከተታል። ብርሃንና እርጥበት አይግባበት። ስድስት ወር ያህል ይቆያል። ወጡ ወይም ገንፎው ከእሳት ሲወርድ በሻይ ማንኪያ ይነሰነሳል።

ስለ ዘሩም የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። የተላጠ ዘር ተወቅጦ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሲማሰል ጭቃው ይረጋል። በሱዳን በአባይ ዳር ያሉ ሴቶች የደፈረሰውን የወንዝ ውኃ በዚህ ያጠሩ ነበር። ውኃው ይጠራል፤ ጀርሙ ግን ሁሉም አይሞትም። ጠርቶ ያየነው ውኃ ንጹሕ ይመስለናልና አፍሉት።

ለዘር የሚሆነውን ፍሬ ከዛፉ ላይ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ተዉት። ሊሰነጠቅ ሲል ልቀሙት፤ ከተሰነጠቀ ዘሩ ክንፍ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። በደረቅ ጨርቅ ቋጥራችሁ አይጥ ከማይደርስበት ስቀሉ። በቋጠሮው ላይ የተለቀመበትን ወርና ዓመተ ምሕረት በወረቀት ጻፉበት።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ለውዝ አደራረቅና ስለ ሻጋታው እንጽፋለን።